በሉ ተሳሙ

ሐሙስ ከሰዓት ልጅቷ ስትጮኽ እኔ ጓዳ ውስጥ ጡጦ እያጠብኩ ነበር። ዴይ ኬር የሚሠራ ሰው ለቅሶ ይለያል። የራበው ልጅ አለቃቀስ አለው፣ እንቅልፍ የመጣበትም አለው፣ እንዲሁ የሚነጫነጭም አለው። ይሄኛው ግን የተነከሰ ልጅ ጩኸት ነው። ጡጦውን ከነአረፋው ጥዬ ስሮጥ ምን እንደማገኝ አውቄዋለሁ። ልጅቷ ጉንጯን ይዛ መሬት ላይ ትንፈራፈራለች። የነከሳት ልጅ ጥግ ሄዶ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ ከእሷ ብሶ ይጮኻል። እጇን ከፊቷ ላይ ሳነሳው ከዓይኗ ዝቅ ብሎ የጥርሱ ምልክት ክብ ሠርቶ ቀልቷል፤ አንድ ጎኑም ደም ቋጥሯል።

ወይ ጉዴ፣ አልኩ ለራሴ። ዛሬ አባቷ ይገድለኛል።

ይሄ የሆነው ቡራዩ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የተከራየሁት ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ሰበታ አፀደ ሕፃናት አስተምር ነበር። ተቀጥሮ መሥራት ሲያንገሸግሸኝ የራሴን ማቆያ ከፈትኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። ልጅ ሲወዱ ወደር የላቸውም፤ ሲቆጡም እንደዚያው። አከራያችን ደግሞ እዚያው ግቢ ከጓሮ በኩል የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል፣ እኛም ኦቦ እንላቸዋለን። አንድ ጊዜ ይሄ መንደር በሙሉ የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር።

ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነው። ጸጥ ያለ ልጅ ነው፤ መኪናውን ወለል ላይ እየገፋ ለብቻው ሲያወራ ይውላል። ግን ይነክሳል። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ በጥርሱ ያልቀመሰው ልጅ ቢኖር ገና ታቅፈን የምንይዛቸው ጨቅላዎች ብቻ ናቸው። የመካሪው ብዛት ደግሞ አይጣል ነው። አንዷ እናት መልሳችሁ ንከሱት አለችኝ። የልጅቷ አባት ከንፈሩ ላይ ሚጥሚጣ ነስንሱበት አለኝ። እትዬ ጠበል ይወሰድ አሉ። እኔም ሥልጠና ላይ የነገሩኝን አንድም ሳላስቀር ሞክሬዋለሁ። ተንበርክኬ ዓይኑን እያየሁ «ተናደድክ አይደል?» ብዬዋለሁ፣ ወንበር ላይ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፣ የሚታኘክ ፕላስቲክ ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ወይ ፍንክች።

አባቷ ማታ ሊወስዳት ሲመጣ እትዬ ወደ ጓዳ ገቡና እኔን አጋፈጡኝ። ዋናው መንገድ ላይ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልቀለደም። አገጯን ይዞ ጉንጯን ወደ ብርሃኑ አዞረና ዝም ብሎ አየው። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቲቸር» አለኝ፣ «ይሄ ልጅ ከሰኞ በኋላ እዚህ ካለ የእኔ ልጅ የለችም። ብቻዬን እንዳይመስልሽ ደግሞ። ሌሎቹንም ወላጆች አነጋግሬያለሁ።»

«ምን ላድርገው ታዲያ፣ ጥርሱን ላውልቀው?» አልኩት። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሮጠው፣ ይሄ ነው የእኔ ጠባይ።

«ሚጥሚጣ ብዬሽ ነበር።»

«የማንም ልጅ አፍ ላይ ሚጥሚጣ አልነሰንስም። ያንተም ልጅ ብትነክስ አልነሰንስም።»

ኦቦ ድምፃችንን ሰምተው ነው መሰለኝ ከዘራቸውን እየመቱ መጡ። ልጅቷን አዩ፣ አባቷን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ግቢያቸው ውስጥ ጠብ እንደማይወዱ፣ ሰኞ ጠዋት የሁለቱም ወላጆች ባሉበት ተቀምጠን እንደምንጨርሰው ተናግረው ተመለሱ። ኦቦ እንቀመጥ ካሉ ይቀመጣል፤ የተባለውም ይፈጸማል።

የልጁ እናት የመጣችው ከሁሉ መጨረሻ ነው። ሱሉልታ ውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ትሠራለች። ገና ጎህ ሳይቀድ ልጁን አስረክባ ሰርቪስ ላይ ትሳፈራለች፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ልጆች ሄደው እሱ ብቻውን በር በሩን እያየ ሲቀር ትደርሳለች። ልጁን ለብቻዋ ነው የምታሳድገው። ብርድ ነው እያለች ጠዋትም ማታም ሻርፗን እስከ ዓይኗ ድረስ ትጠመጥመዋለች። «አንቺ፣ ባንክ ልትዘርፊ ነው እንዴ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር፤ በዓይኗ ትስቅና ታልፈኛለች። ያን ማታ ግን ነገሩን ሳስረዳት አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም።

«እንግዲህ ለእናቴ እልከዋለሁ» አለች።

እናቷ ያሉት ጎጃም፣ ከአውቶቡስ ተወርዶ ብዙ በእግር የሚኬድበት ገጠር ነው።

«እስከ መቼ?»

«ለትምህርት እስኪደርስ ነዋ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ አለሁ። ምን እሆናለሁ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «ምናልባት ከእኔ ቢርቅ ይሻለው ይሆናል» አለች።

ተስፋ ቆርጣ ያለችው ነው ብዬ አለፍኩት። ልጁ የሻርፗን ጫፍ በጡጫው ጨብጦ ቆሟል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ እጇን አይዝም፣ የሻርፗን ዘርፍ ይዞ ነው የሚሄደው። በሩን ዘግቼባቸው ስመለስ ደሜ ፈላ። በአባትየው አይደለም የተናደድኩት፤ የገዛ ልጁ ጉንጭ እንደዚያ ሆኖ ቢያይ የማይቆጣ አባት የለም። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእናቱ ሊነጠል ነው፣ የሚነጠለው ደግሞ ከእኔ ቤት ተባሮ ነው። ይሄ አንጀቴን በላው።

አርብ ዕለት ሌላ ሥራ አልነካም አልኩ። ልጅቷ ቁስሏ እስኪሽር ቤት ውላለች፤ ሌሎቹ ግን አሉ። ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች አንዱን ስቤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ተቀመጥኩና ዓይኔን ልጁ ላይ ተከልኩ። ስልኬን አጠፋሁ። እትዬ ምነው አመመሽ እንዴ አሉኝ።

ረፋዱ ላይ አንድ ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ መጥቶ ቀይዋን መኪና ነጠቀው። ልጁ ተነስቶ ገፈተረውና ወሰዳት። ድንቡሽቡሹ በቂጡ ተቀምጦ እሪ አለ። አሁን ሊነክስ ነው ብዬ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳሁ። አልነከሰም። ጀርባውን ሰጥቶ መኪናውን መግፋት ጀመረ። ለእሱ ነገሩ አልቋል። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ያኔ እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። «ኧረ በሉ፣ በሉ፣ ምን ሆናችሁ። በሉ ተሳሙ፣ ታረቁ» አሉና በአንድ እጃቸው ያንን፣ በሌላው ይሄንን ይዘው ፊታቸውን አገጣጠሙት።

ይሄ እኛ ሁላችን ያደግንበት ነው። እናቴ እኔንና ወንድሞቼን ስንት ጊዜ ጭንቅላታችንን ይዛ አሳስማናለች። እኔም በቀን ውስጥ ስንቴ እንደማደርገው አላውቀውም፤ ልጅ ሲጣላ ይሳማል፣ በቃ፣ ያልቃል። ማን ይሄን ያያል? ያን ቀን ግን ዓይኔ ልጁ ላይ ስለነበር አየሁ። የእትዬ እጅ ማጅራቱን ሲይዘው አንገቱ ተሰበቀ። ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፣ ዓይኑ ጥብቅ ብሎ ተጨፈነ። የድንቡሽቡሹ ጉንጭ መጥቶ አፉ ላይ ተለጠፈ። ነከሰው።

ወንበሩ ከእኔ ጋር ተነስቶ ተገለበጠ። ሁለቱን ካላቀቅናቸው በኋላ፣ ያ እየጮኸ፣ ይሄ ጥግ ላይ ጆሮውን ይዞ እየጮኸ፣ እኔ መሀል ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የነከሰው ሁሉ ጉንጭ ላይ ነው። እጅ የለ፣ ጣት የለ፣ ትከሻ የለ። የተናደደ ልጅ ያገኘውን ነው የሚነክሰው፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ እጅ ነው የሚያገኘው። ጉንጭ አፉ ድረስ የሚመጣለት እኛ ስናመጣለት ነው።

«እትዬ፣ ትናንት ከልጅቷ ጋር ምን ሆነው ነበር? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምን ይሆናሉ፣ ኳሱን ቀማችው፤ ገፈተራት፤ አስታረቅኳቸው፤ ነከሳ...» አሉና እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ «ዛሬ ማንም ማንንም አይስምም» ብዬ አወጅኩ። ልጁ ደግሞ አላሳፈረኝም፣ ሁለቴ ተጣላ። አንዱን መለየት፣ ሌላውን ማራቅ፣ ዝም ማለት። አልነከሰም። ጥቂት ቆይቶ የቀማውን መኪና ራሱ ወለሉ ላይ እያንከባለለ ወደ ባለቤቱ ላከው። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። የአንድ ከሰዓት ነገር ይዤ ማን ፊት ልቀርብ ነው? ለምን መሳም እንደሚያስጨንቀውም አላውቅም። እስከዛሬም አላውቅም። ፊት ሲቀርበው የሚታፈን ልጅ ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ተፈጥሯል ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

ማታ ለእናቱ ነገርኳት።

«ሲሳም ብቻ ነው የሚነክሰው?»

«እስካየሁት ድረስ፣ አዎ።»

«እና... ሰው ጠልቶ አይደለም?»

«እንዴ፣ ምኑን ጠልቶ? ጨንቆት ነው እንጂ።»

አንድ ነገር ልትለኝ ፈልጋ ተወችው። ሻርፗን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ልጇን አስከትላ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ሄደች። አላመነችኝም ብዬ ተበሳጨሁ።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ደረደርን። ኦቦ ጋቢያቸውን ደርበው ቀድመው ተቀምጠዋል። «አካም ቡልተን» አሉን፣ እንዴት አደራችሁ ነው፤ ተነስተን መለስንላቸው። አባትየው ልጅቷን ጉልበቱ መሀል አቁሟታል። ጉንጯ በልዟል። የልጁ እናት ሥራ አርፍዳ ልትገባ አስፈቅዳ መጥታለች፤ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ጠምጥማ መሬት መሬቱን ታያለች። ልጁ ዘርፉን ይዟል። እትዬ ሌሎቹን ልጆች ይዘው ቤት ውስጥ ናቸው፤ በመስኮቱ ዘፈናቸው ይሰማል።

ኦቦ ሁሉንም አናገሩ። አባትየው ያለውን አለ፣ እኔም ያለኝን ስጀምር በእጃቸው ቆይ አሉኝ።

«ሕፃን ናቸው» አሉ። «ሕፃን ይጣላል፣ ሕፃን ይታረቃል። እዚህ ፊታችን ይሳሙ። ከሳማት ነገሩ አለቀ፣ ልጁ በሰላም ይቆያል፤ አንተም ልጅህን አታወጣም። ከነከሳት ግን፣ ቲቸር፣ እንግዲህ ይሂድ።»

«እስማማለሁ» አለ አባትየው ወዲያው። ቅን ሰው ነው፤ እሱም ነገሩ እንዲያልቅለት ነው የሚፈልገው።

ደግ ፍርድ ነበር። ሌላ ማንኛውንም ልጅ የሚያድን ፍርድ ነው፣ ይሄንን ልጅ ግን ዓይናችን እያየ ጎጃም የሚሰድ ነው።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መሳሙ ይቅር።»

ኦቦ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«እኔ የተቀመጥኩበት እርቅ ሳይሳሙ የተነሱበት ጊዜ የለም» አሉ።

«አዩልኝ ኦቦ?» አለ አባትየው። «እርቅ እምቢ ብሏል ማለት ነው እኮ። ገና በዚህ ዕድሜው።»

«እምቢ አላለም። የሚነክሰው እኮ ስናሳስመው ነው። አርብ ዓይኔ እያየ...»

«ሥልጠና ላይ ነው ይሄን የነገሩሽ? መሳም የሚጠላ ሕፃን የት አገር ነው ያለው?»

«አገርማ እዚሁ ነው፣ ፊትህ ቆሞልሃል» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ለራሴም ተሰማኝ።

«ዺሲ፣ ተወው» አሉት ኦቦ አባትየውን። ወደ ልጁ እጃቸውን ዘረጉ። «ኮቱ፣ ሙጫ ኮ። ና ልጄ።» ልጁ ኦቦን አይፈራቸውም፤ ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቻቸውን ያሳዩታል። ዘርፉን ለቆ ሄደ። በአንድ እጃቸው ትከሻውን ያዙት። በሌላው ልጅቷን ሳቡ። የልጁ አንገት መሰበቅ ሲጀምር አየሁ፤ ትከሻው ከእጃቸው ሥር ወደ ጆሮው ወጣ።

እጄን የኦቦ እጅ ላይ ጫንኩ። የሽማግሌ እጅ እንዲህ ይዤ አላውቅም፣ ማንም ሲይዝም አላየሁም።

«አይሆንም» አልኩ።

ኦቦ እጄን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ግቢውን ዛሬውኑ ልቀቂ ቢሉኝ አይገርመኝም ነበር። አባትየው ከወንበሩ ተነሳ። ኧረ ምን ጉድ ውስጥ ነው የገባሁት አልኩ በልቤ፤ እጄን ግን አላነሳሁትም።

«እኔንም ይነክሰኛል» አለች እናትየው።

ሁላችንም ዞርን። ሻርፗን ፈታችው። ከጉንጯ እስከ አገጯ የጥርስ ምልክት ነው። አንዳንዱ ቆይቶ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ጠቁሯል፤ አንዱ ደግሞ የዛሬ ጠዋት ነው፣ ገና ቀይ። ያ ስቀልድበት የከረምኩት ሻርፕ ይሄን ነው ለካ ሲሸፍን የኖረው። አባትየው ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«ጠዋት ጠዋት» አለች፣ «በራችሁን ከማንኳኳቴ በፊት አቅፌ ስሰናበተው ነው። ጥዬው ስለምሄድ የጠላኝ መስሎኝ ነበር። የገዛ ልጄ ጠልቶኛል ብዬ ለማን እናገራለሁ? ለእናቴ ልላከው ያልኩትም ለዚሁ ነው። ከእኔ ቢርቅ ይሻለዋል ብዬ።» ጉንጯን በእጇ ነካ አደረገችው። «ቲቸር አርብ ስትነግረኝ ዛሬ ሳልስመው ልለየው ብዬ ነበር። አልቻልኩም፣ ሳምኩት።»

ኦቦ ሁለቱንም ልጆች ለቀቁ። እጄን ከእጃቸው ላይ አነሳሁ። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ወደ አጥሩ ሄዱ፤ በስንት መከራ ጎንበስ ብለው ጠል ያለበት ለምለም ሣር ነጭተው ተመለሱ።

«አባቴ ሰው ሲያስታርቅ ሣር ያስይዝ ነበር» አሉ፣ ቁጭ እያሉ። «እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሰው ማንም አይነካውም።» ሣሩን ለልጁ ሰጡት። «ሂድ ስጣት።»

ልጁ ሣሩን አየው፣ አሸተተው። ከዚያ ወደ ልጅቷ መሄድ ጀመረ። ልጅቷ ሲመጣ አየችውና እኛ ያስተማርናትን አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ሰጠችው። ያንኑ የበለዘውን ጉንጭ።

ልያዛት ብል እርቁ ፈረሰ ነው። አባትየው እጁን ዘረጋና መሀል ላይ ተወው። እናትየው ሻርፗን በሁለት እጇ ጨብጣለች። የልጅቷ ፊት እየቀረበ ሲሄድ የልጁ ትከሻ ወደ ጆሮው ወጣ፣ ዓይኑ ተጨፈነ፣ አፉ ተከፈተ። እና እጁን ከነሣሩ በፊቷና በፊቱ መሀል ከተተው። ሣሩ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ ልጅቷ አነጠሰች። ዓይኗን ገልጣ ሳቀችና ሣሩን ተቀበለችው። ልጁ ዞሮ ሄዶ የሻርፑን ጫፍ ያዘ።

«በቃ» አሉ ኦቦ።

አባትየው ትንሽ ቆመ። ሱቁ ይዟት ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ የልጅቷን ቦርሳ ከትከሻዋ አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። እየወጣ እናትየው ጋ ሲደርስ፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣ «በጨው ውኃ እጠቢው፣ እንዳያመረቅዝብሽ» ብሏት ሄደ።

በነጋታው ገና ጨለማው ሳይገፈፍ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሻርፗ አንገቷ ላይ ነው፤ ፊቷን ብርዱ ገርፎታል። ልጁን ወደ ውስጥ አስገባችና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ላቅፈው ብላ ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ መልሳ ጨበጠቻቸው። አስፋልቱ ላይ ሰርቪሱ ጥሩምባ ነፋ። ልጁ ትከሻውን ሰቅሎ ጉንጯ እስኪመጣ ጠበቀ። ሳይመጣ ሲቀር ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ። አያት፤ አልፏት ወደ ቤት መሄድ ጀመረና መሀል ላይ ቆመ። ተመልሶ መጥቶ መዳፉን ጉንጯ ላይ፣ ቁስሉ ላይ አሳረፈው።

«ሂጂ» አላት።

ሄደች።